ለፋሲካ የማደልባቸውን የመንዝ በጎች በዚህ ውርጭ ልሸልታቸው ወይስ ልተዋቸው?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ያለሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፤ ለፋሲካ ገበያ የማደርሳቸው የመንዝ ወጠጤ በጎች ጉረኖ አስገብቼ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እያበላሁ ነው። ጸጉራቸው ረዝሞ በፋንድያ ተጨማልቋል፣ ሥሩ ደግሞ ቅማል አለው። ቀን ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ያለከልካሉ፤ ሌሊት ግን የታኅሣሥን ውርጭ ታውቁታላችሁ፣ የገንዳው ውሃ ይረጋል።

አንድ ጎረቤቴ "ሸልታቸው፣ የምግብ ፍላጎታቸው ይከፈታል" ይለኛል። እናቴ ደግሞ በውርጭ በግ አይሸለትም ባይ ናት። የበረደው በግ ብዙ እንደሚበላማ አውቃለሁ። ጭንቀቴ ሌላ ነው፦ የበላው ሥጋ ይሆናል ወይስ ገላውን ለማሞቅ ብቻ ያልቃል? ፋጉሎ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ብርድ ልቀልብ አልፈልግም።

ጉረኖው ክዳንና ሦስት ግድግዳ አለው፤ በነፋሱ በኩል ጆንያ ልጋርድና ጭድ ላነጥፍ እችላለሁ። ይህ ይበቃል? ወይስ እስከ የካቲት ልታገሥ? ከሸለትኩስ በመቀስ ምን ያህል ጸጉር ላስቀር? ቆዳው ከተቆረጠ ዋጋው ይወድቃል፣ ቁስሉም ሌላ ጣጣ ነው።

ለባና የሚሆነው ጸጉር የሚያስገኘው ገንዘብ እንኳ ብዙም አያጓጓኝም። ነጋዴው ግን ወገቡንና ላቱን ዳስሶ ነው የሚገዛው፤ የተሸለተ በግ ከስቶ ታይቶት ዋጋ የሰበረባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። በደጋ የሞከራችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።