ብርዱም ወበቁም የማያሰቃይ፣ ኪስም የማይጎዳ ከተማ፦ ለባለ ቤተሰብ ያለኝ ጥቆማ

«ልጆች አሉን። አቅማችን መካከለኛ ነው። አየሩ አንገሽግሾናል። ወዴት እንሂድ?» ይህን ጥያቄ በተለያየ አገር ከሚኖሩ ወዳጆቼ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንዱ ከብርድ ነው የሚሸሸው፣ ሌላው ከወበቅ። የሚመኙት ግን አንድ ነው። ልጆች ዓመቱን ሙሉ ደጅ ወጥተው የሚጫወቱበት፣ የቤት ኪራይ ቀን በደረሰ ቁጥር ልብ የማይደነግጥበት ቦታ። እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ያየሁትንና ያጣራሁትን ላካፍላችሁ።

ከስሕተቴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት ለባሕር ቅርብ የሆነች ከተማ መርጠን ገባን። ቀድመን ያየናት በደጉ ወር ነበር። ፀሐይዋ ደስ ትላለች፣ ነፋሱ ለስለስ ያለ ነው። ከዚያ የብርዱ ወራት መጡ። ውጭው ያን ያህል አይከፋም፤ ቤቱ ግን ማሞቂያ የለውም፣ ግድግዳውም ስስ ነው። አንድ ሌሊት የልጄ ሳል ቀሰቀሰኝ። ራስጌው ያለውን ቴርሞሜትር ሳየው 13 ዲግሪ ይላል። ሲነጋ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ገፋ አደረግሁት። ጀርባው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። ውስጥ የተሰቀለው ሹራብ እጅጌም ነጠብጣብ አውጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ፣ በብርድ ወራት ቤት ውስጥ ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሆን ይመክራል። እኛ ከዚያ በ5 ዲግሪ ዝቅ ብለን ነበር የምንተኛው፤ ያውም «አየሯ ለዘብ ያለ» በተባለች ከተማ።

ከዚያ ወዲህ አማካይ ሙቀት የሚባለውን ቁጥር ብቻውን አላምነውም። ቀን 30፣ ሌሊት 10 የሆነ ቦታ አማካዩ 20 ነው። ቀን 23፣ ሌሊት 17 የሆነውም አማካዩ 20 ነው። ለሕፃን ልጅ ግን ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። ስለዚህ ከተማን በክፉው ወር መዝኑት። በቀዝቃዛው ወር ሌሊቱ ስንት ድረስ ይወርዳል? በሞቃቱ ወር ቀኑ ስንት ይደርሳል? እርጥበቱስ? የብዙ አገሮች የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች ከ1991 እስከ 2020 ያለውን የ30 ዓመት መረጃ በየወሩ ከፋፍለው ያወጣሉ። እሱን ፈልጉ። የአንድ ዓመት የስልክ ትንበያ ቦታ አያስመርጥም።

ለዘብ ያለ አየር የሚገኘው በዋናነት ከሁለት ነገር ነው፤ ከከፍታ ወይም ከባሕር።

ከፍታው ለእኔ ይበልጥብኛል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከምድር ወገብ ሳይርቁ ወይና ደጋ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ሙቀታቸው ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም። የቀኑና የሌሊቱ ርዝመትም እንደዚያው። ልጆች በጨለማ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ወቅት የለም። ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ስለማያስፈልግ የመብራት ሂሳቡ ይቀላል። የወፍራም ልብስና የቦት ጫማ ወጪም ይቀራል። ልጅ በየዓመቱ እንደሚያድግ ለሚያውቅ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አቅሙ መካከለኛ ለሆነ ቤተሰብ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ከ1,200 እስከ 1,900 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ ኮሎምቢያ ያለችው ሜደሊን ስሟ የገነነ ነው። 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። «የዘላለም ጸደይ ከተማ» ይሏታል፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 22 ዲግሪ አካባቢ ነው። የከተማ ባቡሯ ከ1995 ጀምሮ ይሠራል። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በተራራው ጥግ ያሉ ሰፈሮችን በአየር ላይ በተዘረጋ ገመድ በሚሄድ መጓጓዣ (ኬብል ካር) አገናኝተዋቸዋል። መኪና ለሌለው ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቤት ስትፈልጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። በኮሎምቢያ ሰፈሮች ከ1 እስከ 6 በደረጃ ተከፍለዋል። ዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች ውኃና መብራት ላይ ድጎማ ያገኛሉ። 5 እና 6 የሆኑት ተጨማሪ ይከፍላሉ። ሁለት ተመሳሳይ አፓርታማዎች በወርኃዊ ሂሳብ የሚለያዩት አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው። ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ደረጃውንም ጠይቁ። ጉድለቷ ደግሞ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ መሆኗ ነው። በአንዳንድ ወራት የመኪናው ጭስ እላይዋ ላይ ታምቆ ይቀራል። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ እኔ አልመክራትም።

ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አማካይዋ 19 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀዝቃዛው ጊዜ ሐምሌ አካባቢ ሲሆን ሰማዩ ደመና ያዝላል፣ ብርዱ ግን በሹራብ የሚያልፍ ነው። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል። ችግሩ የመኪና መጨናነቅ ነው። ስለዚህ እዚያ ትምህርት ቤት ይመረጣል፣ ቤት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በእግር በሚደረስበት ርቀት ይፈለጋል። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁት ልጁ ዕድሜውን መኪና ውስጥ ይጨርሳል።

ቻይና ያለችው ኩንሚንግም «የጸደይ ከተማ» ትባላለች፤ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰፊ፣ ዛፍ የበዛባት፣ ሐይቅ አጠገቧ ያለ ከተማ ናት። ከምድር ወገብ ግን ራቅ ስለምትል የብርዱ ወራት ሌሊት ይቆፍናል። ቋንቋውና የመኖሪያ ፈቃዱም ከውጭ ለሚመጣ ቤተሰብ ከባድ ነው። ሥራው እዚያው ካለው ሰው በቀር አልጠቁማትም። የቬትናሟ ዳ ላት እና የሜክሲኮዋ ኬሬታሮም በዚሁ የከፍታ ክልል ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ከዋና ከተማ ግርግር ራቅ ያሉ በመሆናቸው ሊታዩ ይገባል።

ከ2,400 ሜትር በላይ ስትወጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። የኢኳዶሯ ኩዌንካ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውብ ናት፣ በእግር የምትዞር ናት፤ አገሪቱም ከ2000 ጀምሮ በአሜሪካ ዶላር ስለምትገበያይ የምንዛሪ ጣጣ ያንሳል። ነገር ግን በዚያ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው ከሐኪም ሳይማከር ባይሄድ ይሻላል። ፀሐይዋም ታታልላለች። ብርድ ብርድ ሲላችሁ ቆዳችሁ እየተቃጠለ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራ ቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለልጆች ኮፍያ የግድ ነው። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በአገሪቱ የጸጥታው ሁኔታ አሳሳቢ ስለነበር ከመወሰናችሁ በፊት ወቅታዊውን አጣሩ። የላቲን አሜሪካ ተራሮችን የምታስቡ ሁሉ ደግሞ የሕንጻውን የመሬት መንቀጥቀጥ ጥንካሬ መጠየቅ አትርሱ።

ወደ ባሕሩ እንምጣ። ውኃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጠረፉን ከጽንፍ ይጠብቀዋል። የሜዲትራኒያን የሚባለው ዓይነት አየር ደረቅ በጋና ዝናባማ ግን መካከለኛ የብርድ ወራት አለው። ከዚህ ወገን ለቤተሰብ የምወዳት የስፔኗ ቫሌንሲያ ናት። በ1957 ከባድ ጎርፍ ካጥለቀለቃት በኋላ የቱሪያን ወንዝ ከከተማው ውጭ አዞሩት። የቀድሞውን የወንዝ መውረጃ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መናፈሻ አደረጉት። ልጅ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ መኪና ሳይነካ ብስክሌት የሚነዳበት ቦታ ማለት ነው። ይህን ያህል ነጻ መጫወቻ መሀል ከተማ ላይ ማግኘት ብርቅ ነው።

ነገር ግን ያችው ቫሌንሲያ ሌላም ትምህርት ሰጥታናለች። በጥቅምት 2024 ማብቂያ በዙሪያዋ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የተዞረው ወንዝ መሀል ከተማውን አዳነው፤ በደቡብ በኩል ያሉት አነስተኛ ከተሞች ግን ክፉኛ ተመቱ። ኪራይ ርካሽ ነው ብለው ወደ ዳር የወጡ ቤተሰቦችን አስቡ። ስለዚህ የትም ብትሄዱ የጎርፍ ካርታ ሳታዩ ምድር ቤት አትከራዩ። ሌላው፣ እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከስፓኒሽ በተጨማሪ ቫሌንሲያኛ ያስተምራሉ። ለ5 ዓመት ልጅ ምንም አይደለም። ለ14 ዓመቱ ግን በአንዴ ሁለት አዲስ ቋንቋ ነው፤ አስቡበት።

የፖርቱጋሏ ፉንሻል ዓመቱን ሙሉ ደስ የሚል አየር አላት። መንገዷ ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ በሕፃን ጋሪ መንቀሳቀስ ያደክማል። ደሴት ላይ ስለሆነች ብዙው ዕቃ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ያም ኑሮው ላይ ይጨመራል። የአሜሪካዋ ሳንዲዬጎ አየሯ ወደር የለውም፤ ቤቷ ግን ለመካከለኛ ኪስ አይደፈርም። የአውስትራሊያዎቹ ፐርዝና አድሌድ ለብዙ ነገር ጥሩ ናቸው፣ በበጋ ግን ከ40 ዲግሪ የሚያልፉ ቀኖች አሏቸው።

ሞቃት የባሕር ጠረፍ፣ ማለትም በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሕሩ ዳር ያለውን፣ ለኑሮ አልጠቁምም። ለዕረፍት ይሁን። ወበቁ ላብን አያደርቅም፣ ሌሊትም ፋታ የለም። ኤሲ ቀን ከሌት ሲሠራ ርካሹ ኪራይ በመብራት ሂሳብ ይካካሳል።

ስለ ትምህርት ቤት አንድ ልጨምር። «ኑሮው ርካሽ ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ልጅ የሌለው ሰው ሂሳብ ነው። ልጆቻችሁ የአገሩን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚገቡ ከሆነ ርካሹ ርካሽ ነው። ዓለም አቀፍ የግል ትምህርት ቤት የግድ ካላችሁ ግን የሁለት ልጆች ክፍያ ከቤት ኪራዩ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ወስኑ። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ልጆቹን በመንግሥት ትምህርት ቤትና ሕክምና ያካትት እንደሆነም በጽሑፍ ጠይቁ። የቃል መልስ አይበቃም። ከሆስፒታል አንጻር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ልጅ ቢታመም የሕፃናት ሐኪም ያለበት ድንገተኛ ክፍል በስንት ደቂቃ ይደረሳል?

ከመወሰናችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ፤ በክፉው ወር። በዝናቡ፣ በብርዱ ወይም በጭሱ ጊዜ። ሆቴል ሳይሆን ልትኖሩበት ባሰባችሁት ሰፈር ቤት ለወር ተከራዩ። የዓመት ውል አትፈርሙ፣ ደላላው «ነገ ይሄዳል» ቢላችሁም። ልጆቹን ይዛችሁ ጠዋት የትምህርት ቤቱን መንገድ በመግቢያው ሰዓት አንድ ጊዜ ሂዱበት። ጎረቤት ያለችውን እናት ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ማታው ጠይቋት። ከደላላው ይልቅ እሷ ትነግራችኋለች።

ሻንጣ ውስጥ ደግሞ ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይኑር። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ማታ ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል አስቀምጡት፣ ሊነጋ ሲል እዩት። እርጥበቱ ለቀናት ከ60 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታ ይመቸዋል። ቤቱን ሊያሳያችሁ የመጣው ሰው ስለ መስኮቱ እይታ ሲያወራ፣ እናንተ ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርጋችሁ ጀርባውን እዩ።