ከጉልበት በታች እግሩ የተቆረጠ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ወዴት ይሂድ?

ጥያቄ፦ ታካሚው የስኳር ሕመምተኛ ነው፣ በዚህ ሳምንት ይወጣል። አዲስ አበባ ነን። አለርት ሆስፒታል፣ መናገሻ ያለው የቼሻየር ተሀድሶ ማዕከል ወይስ ቤት የሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት? ጠቁሙን።

መልስ 1፦ አንዱ ሌላውን አይተካም። ደግሞም ቁስሉ ሳይድን ሰው ሠራሽ እግር አይለካም። አሁን የሚያስፈልጋችሁ የተሀድሶ ምክር ነው፤ ማለትም ወደ መራመድና ወደ ሥራ እንዴት እንደሚመለስ። «የተሀድሶ አማካሪ» የሚል በር አትፈልጉ፤ እኛ አገር ሥራውን ሶሻል ወርከሩና ፊዚዮቴራፒስቱ ተካፍለው ይሠሩታል። ሪፈር ወረቀቱንና ቀጠሮውን ሳትይዙ አትውጡ። የተቆረጠው እግሬ ጣቱ ያመኛል ካለም እውነቱን ነው፤ ለሐኪሙ ይነገር፣ መድኃኒት አለው።

መልስ 2፦ የተቆረጠው እግር የሚጠቀለልበትን ፋሻ አጠማጠም አስታማሚው እዚያው ሆስፒታል በእጁ ይሞክር። ስኳር ባለበት የደም ዝውውሩ ደካማ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይጀመርም። ከተፈቀደ 10 ወይም 15 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ኢላስቲክ ፋሻ ይዛችሁ በሰያፍ፣ በ8 ቁጥር ቅርጽ ጠቅልሉ። የተቆረጠው እግር ጫፍ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ ይበል። ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከታሰረ ደም ያግዳል፣ ጫፉም ያብጣል። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ፈትታችሁ ቆዳውን እዩ።

ከጉልበቱ ሥር ትራስ አታድርጉ! ቤተሰብ አዝኖ የሚያደርገው ነው፣ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቃል፤ ያኔ ሰው ሠራሽ እግር ቢሠራም አያራምደውም። ጤነኛው እግር ደግሞ በየማታው፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር ይታይ።

መልስ 3፦ ለአዋቂ አለርትን አስቀድማለሁ፤ ሕክምናውና የሰው ሠራሽ አካል ወርክሾፑ አንድ ግቢ ናቸው። ቼሻየር ይበልጥ የሚታወቀው በሕፃናት ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ ባህር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴና አርባ ምንጭ ማዕከል አለላችሁ። የትም ብትሄዱ ዋጋው ማስተካከያውን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል ስለሚከሳ ካልሲ ይደረባል፣ ካልሲው ሲበዛም ሶኬቱ (እግሩ የሚገባበት የሰው ሠራሹ ክፍል) እንደገና ይሠራል። ሰው ሠራሹ እግር ሲወልቅ ቆዳው ላይ የሚታየው ቅላት በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ሳያስተካክሉት አይለበስ። ቤት የሚመጣው ባለሙያ የሚጠቅመው በታካሚው ቤት ደረጃና ሽንት ቤት ለማለማመድ ነው፤ ለማሸት ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

መልስ 4፦ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ የሕመም ፈቃዱን ከአሁኑ አስሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ጠቅላላው 6 ወር ነው፦ 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ 2 ወር ግማሽ፣ 3 ወር ያለ ክፍያ። ሐኪሙ የሚጽፈው ማስረጃ ላይ «መሥራት አይችልም» ብቻ እንዳይባል፤ ቁጭ ብሎ የሚሠራውን ይጥቀስ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል፣ ያ ወረቀት ያኔ ያስፈልጋል።