የማይክሮስኮፑ 40 እጥፍ ሌንስ አልጠራ አለኝ፣ ድረሱልኝ

ጠያቂ (መምህርት፣ ደሴ)፦ አስቸኳይ ነው። 8 ሰዓት ላይ ለ9ኛ ክፍል ልጆች የሽንኩርት ሴል ላሳይ ነው። በ4ቱም በ10ሩም ሌንስ ጥርት ብሎ ይታያል። ወደ 40ው ሳዞረው ግን ጭጋግ ነው፣ የጦሳ ተራራ ጭጋግ። ሌንሱ ተበላሽቷል መሰለኝ። እንዴት ነው የሚፈታው?

የጦሳ ልጅ፦ ጦሳን ለቀቅ! በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው።

ሐይቅ ዳር፦ መጀመሪያ ልጆቹ ሴል ምን እንደሆነ ይወቁ። ስሙን ያወጣው ሮበርት ሁክ ነው፣ በ1665 እ.ኤ.አ.፣ ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ። ያያቸው ባዶ ክፍሎች ግን የሞቱ ሴሎች ግድግዳ ነበሩ። ከዚያ ደግሞ...

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን 7 ተኩል ሆኗል!

ኮምቦልቻዬ፦ በለስላሳ ጨርቅ ብትጠርጊውስ?

የጦሳ ልጅ፦ እሱን እኔ ብያለሁ።

የላብ ሰው (ወልድያ)፦ ተበላሽቷል የሚለውን አልቀበልም። እንዳትፈቺው! ስላይዱ (ሽንኩርቱ ያለበት መስታወት) ተገልብጦ ይሆን? ሽንኩርቱንስ በምን ሸፈንሽው?

ጠያቂ፦ አልተገለበጠም። ከቨር ስሊፕ (ስሱ መክደኛ መስታወት) ስላለቀብን በሌላ ስላይድ ከደንኩት። እሱ ምን ያገናኘዋል?

የላብ ሰው፦ በይ፣ ተገኘ። ስላይድ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፣ ከቨር ስሊፕ 0.17 ነው። 40ው የሚያጠራው ሽንኩርቱ ላይ ልትነካው ምንም ሲቀርሽ ነው። ወፍራሙ መስታወት አላስጠጋ ብሎታል። በግድ ካወረድሽው ወይ ስላይዱ ይሰበራል ወይ ሌንሱ ይጫራል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሂጂና ከመጠረዣው ፕላስቲክ ቀጭንና ጥርት ያለውን አስቆርጪ። አንድ ጎኑን አስነክተሽ ቀስ ብለሽ አጋድሚው። አለዚያ አየር ይገባና ልጆቹ ጠርዙ የጠቆረውን አረፋ ሴል ነው ብለው ይስሉልሻል። የኔዎቹ ስለዋል።

ፕላስቲኩ ከጠፋም 10ሩ ይበቃል። በ10 የዓይን ሌንስ 100 እጥፍ ነው። የሽንኩርት ሴል ትልቅ ነው፣ አዮዲን ጠብ ካረግሽበት ኒውክለሱም ይታያል።

ኮምቦልቻዬ፦ የቁስሉ አዮዲን ይሆናል?

የላብ ሰው፦ በውሃ ቀጥኖ ይሆናል።

ቆቦ ሽንኩርት፦ አብሽሪ እህቴ! ቀይ ሽንኩርት ከሆነ ቀለም ምን ያደርጋል? ከደረቁ ልጣጭ ሥር ያለውን ቀይ ሽፋን ስስ አርገሽ ግፈፊ፣ ሴሉ ራሱ ቀለሙን ይዞ ይታይሻል። የተረፈውን ለወጥ ላኪልን።

የጦሳ ልጅ (9 ሰዓት)፦ እህ፣ መምህርት፣ ታየ?

ሐይቅ ዳር፦ እሷ እስክትመጣ፣ ወደ ሁክ ልመለስና...