«ፕሪዮን»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። የጤና ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ፕሪዮን» ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። «ተህዋስ» ብዬ ልለፈው? ደግሞ ጽሑፉ በሁላችንም አንጎል ውስጥ አለ ይላል። በሽታ አምጪ ከሆነ ጤነኛ ሰው ውስጥ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ተህዋስ አትበለው። ተህዋስ ስትል ለአንባቢው የሚታየው ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ነው። እነሱ የራሳቸው ዘረመል አላቸው። ፕሪዮን ግን ፕሮቲን ብቻ ነው። ስሙን በፈረንጆቹ 1982 ያወጣለት አሜሪካዊው ስታንሊ ፕሩዚነር ነው። ያኔ ብዙ ሳይንቲስት አልተዋጠለትም፤ በ1997 ግን ኖቤል ተሸለመበት።

ግራ ያጋባህ ስሙ ለሁለት ነገር መዋሉ ነው። ጤነኛው ፕሮቲን የነርቭ ሴሎች ገጽ ላይ ተሰክቶ ይኖራል፣ መዳብም ይይዛል። በሽታ የሚሆነው ቅርጹ ሲዛባ ነው። የተዛባው ጤነኛውን ሲያገኘው ወደ ራሱ ቅርጽ ይቀይረዋል። የተቀየረው ደግሞ ሌላውን። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» የሚባለው ልክ ይሄ ነው። ስለዚህ ለጤነኛው «የፕሪዮን ፕሮቲን»፣ ለተዛባው «ፕሪዮን» ብትል ይለያል።

ሌላ መልስ፦ «ተላላፊ ፕሮቲን» ቢባልስ?

መልስ፦ ሰው ከታማሚው ይሸሻል ብዬ እፈራለሁ። በሳል ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ኩሩ የተባለው የፕሪዮን የአንጎል በሽታ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የፎሬ ሕዝብ መካከል የተዛመተው፣ በቀብር ሥርዓት የሟችን ሥጋ ይበሉ ስለነበር ነው። ዛሬ የሚታየው ክሮይትስፌልት ያኮብ የተባለው የፕሪዮን በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ንክኪ ይነሳል።

ጥያቄ፦ አዛውንቶች «ጃጁ» የምንለውስ ይሄው ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። መጃጀት ቀስ እያለ ዓመታት ይፈጃል። ክሮይትስፌልት ያኮብም በአብዛኛው የሚይዘው 60 ዓመት አካባቢ ያሉትን ነው፤ ግን በወራት ውስጥ ይገድላል። ደግሞ ብርቅ ነው፤ በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢይዝ ነው። ሁለቱን አንድ ቃል ውስጥ መክተት ቤተሰብን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል።

ከእርጅና ጋር ሌላ የሚያገናኘው ነገር አለ፣ እኔን በጣም የሚገርመኝ። ጤነኛው የፕሪዮን ፕሮቲን ጭራሽ የሌላቸው አይጦች በ1992 ተፈጠሩ። ደህና አደጉ። በኋላ የተዛባው ሲሰጣቸውም አልታመሙም፣ የሚቀየር ነገር የለማ! ሲያረጁ ግን ከአንጎል ውጭ ያሉት ነርቮቻቸው ልባስ ተጎዳ። ጤነኛው ፕሮቲን ያንን ልባስ ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ነው። «በሽታ አምጪ ፕሮቲን» ብሎ መተርጎምም የማያስኬደው ለዚህ ነው።