ክርክር፦ በእርሻ ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ይከልከል?

የመራዊ ልጅ፦ ለመስቀል አገር ቤት ገብቼ ነበር። ጎጆ ቀልሰን ሌሊቱን በቆሎ ከጃርት የምንጠብቅበት ማሳ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ድሮ ከደጃችን የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ተጋርዷል። የጎረቤታችን ጤፍ ደግሞ በእኛ ድንበር በኩል ቢጫ ሆኖ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም፤ አሥር እርምጃ ራቅ ሲሉ ጉልበት ይደርሳል። ሰውየው የክርስትና አባቴ ናቸው። አንድም ቃል ሳይናገሩ ወስደው አሳዩኝ። እኔ ይከልከል ባይ ነኝ፤ የሚታረስ መሬት ለእህል ይሁን።

አጣና ነጋዴ፦ ከልካዩ ማን ነው? ገበሬው የይዞታ ደብተር የተቀበለው ሊያዝበት ነው። የማዳበሪያ ዋጋ አልቀመስ ባለበት ዘመን ያለ ማዳበሪያ የሚያድግ፣ ቢቆርጡት መልሶ የሚያቆጠቁጥ ሌላ ምን አለ? መኪናውም ማሳው ድረስ ሄዶ ይጭናል።

ጡረተኛው የግብርና ባለሙያ፦ መኪናው ዛፉን ይጭናል፤ የተመጠጠውን ውሃ ማን ይመልሳል? እዚያው መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ያለማል ተብሎ በተገነባው የቆጋ መስኖ ውስጥ እንኳን ባሕር ዛፍ ተተክሎ አይቻለሁ። በበጋ ስንዴና ሽንኩርት በሚመረትበት መሬት! ቦረቦርና ገደላ ገደል ላይ ይተከል፣ እኔም አብሬ እቆፍራለሁ።

አዲስ አበቤው፦ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባይመጣ ኖሮ እኮ ዋና ከተማው በማገዶ እጦት ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ሊዛወር ነበር። ባለውለታችን ነው።

ጡረተኛው የግብርና ባለሙያ፦ የእንጦጦ ተራራ ሌላ፣ መራዊ ያለችበት የሜጫ ቀይ አፈር ሌላ፣ ልጄ።

የደንበጫዋ፦ ስለ ማገዶ ከተነሳ እኔም ልናገር። እናቴ እበት ጠፍጥፋ፣ ኩበቱን በጎተራ ሥር ደርድራ ነበር ክረምቱን የምትሻገረው። ለማሳው መድረስ የነበረበት እበት ምድጃ ውስጥ ያልቅ ነበር። ዛሬ የዛፉ ቅጠልና ጭራሮ ስላለ እበቱ ለጓሮው ይተርፋል። የመራዊ ልጅ ሆይ፣ አትቀየመኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ዛፉ ባይኖር ያንን ማሳ ማን ያርስላችሁ ነበር?

የመራዊ ልጅ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ጠዋት ለእናቴ ደወልሁ። አባታችን ካረፉ ወዲህ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ነበር፤ እሱ የራሱን ማሳ ሲያስቀድም የእሷ የዘር ጊዜ ያልፍባታል፤ እህሉም ሲወቃ ስንት እንደተሰፈረ ቆሞ የሚያይላት የለም። ከአራት ልጆቿ ሁለታችን ባሕር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ አረብ አገር ነን። «መጥተህ ታርስ እንደሆነ ነገውኑ አስነቅለዋለሁ» ብላ ሳቀች። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ስለ ላሟ ጠየቅኋት።

እና «ይከልከል» ያልሁትን አነሳለሁ። የክርስትና አባቴን ጤፍ ግን መተው አልችልም። ሥሩ እንዳይሻገር በድንበሩ ላይ ቦይ ይቆፈራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ወጪው በእኔ ነው። ያዋጣል?

አጣና ነጋዴ፦ ለጎረቤት ብለህ ገንዘብህን አፈር ውስጥ ልትከት?

ጡረተኛው የግብርና ባለሙያ፦ ተወው፣ አትስማው። ቦዩን ጠለቅ አድርገህ አስቆፍር። በየዓመቱም አስጠርገው። አንዴ ቆፍረው የተዉትን ብዙ አይቻለሁ፤ ቦዩ በደለል ሲሞላ ሥሩ ይሻገራል።