ኮፐንሃገን ሰመር ስኩል ተቀበሉኝ፤ ሄዳችሁ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ማኔጅመንት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኮፐንሃገን ቢዝነስ ስኩል ለክረምቱ ፕሮግራም ተቀብሎኛል፣ ስድስት ሳምንት ነው። የትምህርት ክፍያውን ስኮላርሺፕ ይሸፍንልኛል። ትኬትና የቤት ኪራይ ግን በቤተሰብ ነው፣ ብር ደግሞ ከ2016 ሐምሌ ወዲህ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አባቴ ሂጂ ይላል። እናቴ ገንዘቡ ለማስተርስሽ ይቀመጥ ትላለች።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ክፍል ውስጥ ማውራት ነው። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ሰው ፊት ስቆም ግን ሁሉም ይጠፋብኛል። ደግሞስ አንድ ኮርስ ልውሰድ ወይስ ሁለት?

የዲላው ልጅ፦
እህቴ እንኳን ደስ አለሽ! እኔ ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ከተማ ተምሬ መጥቻለሁ።

ስለ ማውራቱ ልንገርሽ፣ እኔንም የጎዳኝ እሱ ነውና። “ዝም አይነቅዝም” እየተባልን ነው ያደግነው። እዚያ ግን ዝም ያለ ተማሪ ሳያነብ የመጣ ነው የሚመስላቸው። ትምህርቱ በአብዛኛው ኬዝ ነው። ማታ ስለ አንድ ኩባንያ ታነቢያለሽ፣ ጠዋት መምህሩ “አንቺ ሥራ አስኪያጅ ብትሆኚ ምን ትወስኛለሽ?” ይልሻል። ለምሳሌ ሌጎ በፈረንጆቹ 2003 ከባድ ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ነበር። በኋላ የመዝናኛ ፓርኮቹን አብዛኛውን ድርሻ ሸጦ ወደ ዋናው ሥራው፣ ወደ መጫወቻ ጡቦቹ ተመለሰ። መምህሩ ግን መጨረሻውን ቀድሞ አይነግርሽም፣ አንቺ እንድትከራከሪ ነው የሚፈልገው።

በሦስተኛው ሳምንት የራሳችን ጉዳይ መጣ፦ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ። በፈረንጆቹ 2005 አገራችን የእነዚህን ቡናዎች ስም አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፣ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ውዝግብ ተነሣ፣ በ2007 በስምምነት አለቀ። አንድ ልጅ “የቦታ ስም ማንም የራሱ ሊያደርገው አይገባም፣ ቡናው ከዚያ ቦታ መምጣቱን የሚመሰክር የአካባቢ ማረጋገጫ ምልክት ይበቃቸው ነበር” አለ። አባቴ ቡና አቅራቢ ነው። እሸት ቡናው ከስንት ገበሬ ጓሮ ጥቂት ጥቂት እየሆነ እንደሚመጣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። ማረጋገጫ ከሆነ እያንዳንዱን ጓሮ የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል፣ ይህን ማን ይችለዋል? መልሱ አፌ ላይ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ሳስተካክል ክፍሉ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ትምህርቱ ገና ሳይጀመር እጄን አውጥቼ “ትናንት ያልተናገርኩት ነገር አለ” አልኩ። ሰዋስዉ ተበላሽቶብኛል፣ ማንም ግን ልብ አላለውም። ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ገበሬው፣ ስለ ላኪው እየጠየቁኝ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ትንሽም ጥያቄ ብትሆን ጠይቂ። በቆየሽ ቁጥር እየከበደሽ ነው የሚሄደው።

የገንዘቡን ነገር ግን እናትሽ እውነት አላቸው። የትምህርት ክፍያውም በቤተሰብ ቢሆን ኖሮ አትሂጂ እልሽ ነበር።

ከአዳማ፦
ቪዛውን ዛሬ ነገ ሳትይ ጀምሪ! እኔ ባለፈው ዓመት ሌላ አገር ሰመር ስኩል ተቀብለውኝ የቪዛው መልስ የደረሰኝ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። በጣም ነው ያዘንኩት። በ2016 ሚያዝያ የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል፣ እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የዘገየሁት። ከጉዞሽ ስድስት ወር ቀድሞ ማመልከት ይቻላል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለክሉሽም አይመለስም። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ከዩኒቨርሲቲሽ “ተመልሳ ትምህርቷን ትቀጥላለች” የሚል ደብዳቤ አጽፊ። አባትሽ አካውንትሽ ውስጥ ገንዘብ የሚያስገቡልሽ ከሆነ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ይኑርሽ። ቪዛው እጅሽ ሳይገባ ደግሞ ትኬት እንዳትቆርጪ፣ ቡኪንግ ብቻ፣ ማለትም ሳትከፍዪ ቦታ መያዝ።

ኮፐንሃገን ነዋሪ፦
አንድ ኮርስ ይበቃሻል የኔ እህት። አንድ ኮርስ 7.5 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የክሬዲት መለኪያ) ነው፣ አንዱ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ወደ 200 ሰዓት ይመጣል። ለስድስት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 33 ሰዓት ገደማ። ሁለት ከወሰድሽ 66 ሰዓት ነው፣ ከሰው ጋር ቡና ለመጠጣት እንኳ ጊዜ አይኖርሽም። የአንዱንም ቢሆን ትምህርት ክፍልሽ እንደሚቆጥርልሽ ከመሄድሽ በፊት በጽሑፍ ተቀበዪ፣ የቃል “ችግር የለውም” ኋላ ያስለቅሳል።

እዚህ ገንዘቡ ክሮነር ነው፣ ዩሮ አይደለም። መምህሩን በስሙ ነው የምትጠሪው፣ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ትለምጂዋለሽ። በሰኔ ፀሐይ እስከ ማታ አራት ሰዓት ገደማ አትጠልቅም፣ ለእንቅልፍሽ የዓይን መሸፈኛ ያዢ። ጾመኛ ከሆንሽ የሐዋርያት ጾም እዚህ ይይዝሻል። ቪጋን ነኝ ካልሽ ሁሉም ይገባዋል፣ አትሳቀቂ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለእናቴ ሁሉንም አነበብኩላት። ቪዛው እስኪወጣ ብሩ እንዳይነካ ተስማምተናል፣ አንድ ኮርስ ብቻ ነው የምወስደው። የዲላው ልጅ፣ ኬዞቹ ቀድመው ይላካሉ?

የዲላው ልጅ፦
ለእኛ የንባብ ዝርዝሩ ኮርሱ ሳይጀመር ነው የደረሰን። ሲመጣልሽ የመጀመሪያውን ኬዝ እዚሁ አዲስ አበባ ሳለሽ አንብቢውና ንገሪኝ፣ በስልክ በእንግሊዝኛ እንከራከርበታለን። እኔ ተቃራኒውን እይዛለሁ።