የበግና የውሻ አያያዝ ያስተማሩን ጋሼ አርፈዋል፣ እስኪ የምታውቁትን ጻፉልኝ

የመሐል ሜዳው፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ መንዝ በግ እርባታ ያስተማሩኝ ሽማግሌ አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ስማቸውን ልጆቻቸው ስላልፈለጉ አልጽፍም፣ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል፣ ያ በርኖስ ክረምት ከበጋ ከትከሻቸው የማይወርደው። አርባቸው እየደረሰ ስለሆነ ያስተማሩንን ሰብስቤ ለልጅ ልጆቻቸው ልሰጥ አስቤያለሁ፣ በተለይ የበግ ጠባቂ ውሻውን ነገር። እኔ እሳቸው ጋ ስደርስ ውሾቹ አድገው ነበር፣ ቡችላውን ከመጀመሪያው እንዴት እንደሚያስለምዱት አላየሁም፣ አሁን እኔም ቡችላ አግኝቼ ግልገል ባየ ቁጥር ማባረር ሆኗል ስራው። የበጉን በኩል እንኳን ደህና ይዤዋለሁ። ሁላችንም በዓል ሲመጣ ቶሎ ያደገውን ጠቦት ገበያ አውጥተን ቀጫጫውን ነው ለማራቢያ አውራ የምናስቀረው፣ እሳቸው ግን "ዘሩን ሸጠህ ምን ልትዘራ ነው" ብለው ገበያ መንገድ ላይ አስቁመው ይመልሱኝ ነበር። የዛሬው መንጋዬ ከዚያ የመጣ ነው።

የጉረኖ ልጅ፦
ወይኔ ጋሼ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው። የቡችላውን እኔ ላውራህ። ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላው ከእናቱ ለይተው ጉረኖ ጥግ ላይ ገለባ አንጥፈው ከበጎቹ ጋር ያሳድሩታል፣ የሚበላውም እዚያው ነው፣ ሰሃኑ ከጉረኖ አይወጣም። ልጆች እንዲያቅፉት አይፈልጉም፣ አንዴ ትንሿ ልጅ ብርድ ነው ብላ እሳት ዳር አምጥታው ያን ቀን የጮሁትን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ውሻ በዚያ ዕድሜው ማንን እያሸተተ እንዳደገ እሱን ነው ወገኔ ብሎ የሚይዘው፣ አራት ወር ካለፈው በኋላ ብታስገባው በጉ ባዳ ነው የሚሆንበት። ደግሞ መጀመሪያ የሚያስገቡት ገራገሯ ጋ አይደለም፣ የወለደች ቁጡ በግ ጋ ነው፣ አንዴ በግንባሯ ስትደፋው ልኩን ያውቃል 😂 ያንተም ማባረር ከጀመረ ከግልገል ጋር ብቻውን አትተወው፣ ትልልቆቹ ጋ አድርገው። ጋሼ ለሚያባርር ቡችላ አንገቱ ላይ አጠር ያለ እንጨት በገመድ ያንጠለጥሉለት ነበር፣ ሲራመድ ምንም አይለውም፣ ሲሮጥ ግን ጉልበቱን እየመታ ያስቆመዋል። ዱላ አንስተው ሲመቱ ግን አይቼ አላውቅም።

ደብረ ብርሃን 07፦
ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ጋሼ ግትርም ነበሩ እኮ፣ የምትጽፈው ላይ ይሄም ይግባ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ኢልሪና ኢካርዳ ከሚባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ እኤአ 2009 አካባቢ ማህበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያውን ሲጀምር፣ ጆሮ ላይ ቁጥር እያደረጉ ስድስት ወር ሲሞላቸው እየመዘኑ ምርጡን ጠቦት ለጋራ አውራ ማስቀረት ማለት ነው፣ እሳቸው "እኔ በዓይኔ የማየውን ሚዛን ሊነግረኝ ነው" ብለው ስንት ጊዜ አስለመኑን። ነገሩ ራሳቸው የሚሉት ነገር እኮ ነው፣ በኋላ ገብቷቸው ሰውን የሚቀሰቅሱ እሳቸው ሆኑ። ከውጭ በመጣው የአዋሲ በግ ድቅል ግን እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። "ቀለብ ይፈልጋል፣ ውርጭ ሳሩን ሲያቃጥለው ማን ሊያበላው ነው፣ የመንዝ በግ ግን ያገኘውን ቅሞ ያድራል" ይሉኛል። እኔ መኖ እየጨመርኩ አደልቤ አትርፌበታለሁ፣ ቢሆንም መኖ መግዣ ለሌለው ሰው እሳቸው ልክ ናቸው። አንድ ያልተከራከርኳቸው ረግረጉን ነው። ክረምት ሲወጣ በጎቹን ውሃ ካቆረው ሜዳ ያርቁ ነበር፣ የጉበት ትሉን የሚያራባው ቀንድ አውጣ እዚያ ነው ያለው።

ሀበሻ በሜልበርን፦
ነፍስ ይማር። አላውቃቸውም ግን አውስትራሊያ በግ እርሻ ላይ ስለሰራሁ አንድ ነገር ልበል፣ ቡችላህን የዩቲዩብ ቪዲዮ እያየህ እንዳታሰለጥነው። እዚህ ያሉት ቦርደር ኮሊና ኬልፒ በግ የሚነዱ ውሾች ናቸው፣ ኮሊው አጎንብሶ አፍጥጦ ከኋላ እየዞረ ያመጣቸዋል፣ በጉ የሚሄደው አውሬ መጣብኝ ብሎ ስለሚሸሽ ነው፣ ባለቤቱ በፉጨት ግራ ቀኝ ቁም ይለዋል። የሽማግሌው ውሻ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ በጉ ጨርሶ እንዳይፈራው ሆኖ ነው ያደገው፣ ስራው መሃላቸው ተኝቶ ጅብና ቀበሮ ሲመጣ መነሳት ነው። እዚህም ግልገል ከቀበሮ የሚጠብቁ ማሬማ የሚባሉ ነጫጭ ውሾች አሉ፣ አስተዳደጋቸው የጉረኖ ልጅ ከጻፈው ብዙም አይለይም። ሁለቱን ባንድ ውሻ ላይ ከቀላቀልክ ጠባቂም ነጂም አይሆንልህ።

የመሐል ሜዳው፦
ተባረኩ። ለካ ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ራሴ… ልጆቼ ቤት አስገብተው ሲያጫውቱት ዝም ብዬ ነበር። ሶስት ወሩ ስለሆነ ገና አልመሸም አይደል? ዛሬውኑ ጉረኖ ይገባል። የአዋሲውንም ክርክር እጽፈዋለሁ፣ ልጃቸው ሲያነበው መሳቁ አይቀርም።

ጓሳ ዳር፦
አልመሸም አስገባው። ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሳታስከትበው ሜዳ እንዳታወጣው። ጋሼ ውሾቻቸውን ሳያስከትቡ ወደ ጓሳ ሜዳ አይለቁም ነበር፣ ቀይ ቀበሮ አለቻ፣ በሽታው ከውሻ ይተላለፍባታል። ሰው በግ ልትበላ ነው ብሎ ድንጋይ ሲያነሳ "ተዋት፣ ዋና ቀለቧ አይጥ ነው" ይሉ ነበር። በዓለም ላይ የቀረችው ከ500 አትበልጥም ይባላል፣ ያውም እዚሁ አገራችን ብቻ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከገባባት ደግሞ አለቀች ማለት ነው፣ ባሌ ላይ እኤአ 2003 ስንቷን እንደፈጀ የሚያውቅ ያውቃል። ለመሆኑ ዘንድሮ የውሻ ክትባት መቼ እንደሚሰጥ የሰማ አለ? የኔም ሁለት ውሾች አልተከተቡም።